መቶ ሠላሳ ሰባት

አሥር ሰዓት ተኩል። ታርቱ መሽቷል ድሮ፤
የኤማዮጊ ወንዝ በረዶ ለብሶ አድሮ፣
የማዶው መብራት ላዩ ላይ ተሰባብሮ።
ኒው ዮርክ ላይ ግን ጧት ነው፤ ደወሉ ተመታ፤
ኡርማስ፣ ፍርፋሪ ካለበት ከምሳው ገበታ፣
መነጽሩን ወልውሎ ተቀመጠ ለጨዋታ።

«ጨዋታ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሥራ ይለዋል፤
ወገቡ ከድቶት መሪ ካስረከበ ሦስት ዓመት አልፎታል።
እኔም ከጎኑ ነኝ፣ ሲንጀሬን ገፍቼ፣
የሰው ካፖርት ገበር ጭኔ ላይ ዘርግቼ።

ሺህ አክሲዮን አዘዘ፣ ከአንድ የፓምፕ ፋብሪካ፣
በአራት ዶላር ከአሥራ ሁለት፣ በሳንቲም ተለካ።
ጠበቀ። ጠበቀ። ከንፈሩን ነከሰ።
መቶ ሠላሳ ሰባት እጁ ላይ ደረሰ።

«በከፊል ተፈጽሟል» ይላል ቢጫው ጽሑፍ፤
የቀረው ቆሞ ቀርቷል ከማይታይ ሰልፍ።
መቶ ሠላሳ ሰባት! ይህስ ምን ቁጥር ነው?
በየትኛው ቁና፣ ማን በእጁ ሰፈረው?
ልጁን ሊድር ያሰበ አንድ ጡረተኛ ይሆን?
ወይስ መስኮት በሌለው አዳራሽ የሚያጉረመርም ማሽን?

ዋጋው ተነሣበት፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት፤
ቀሪው ትዕዛዝ ግን እዚያው ነው፣ ካቆሙት፣
ፌርማታ ላይ እንዳለ፣ አውቶቡስ እንዳለፈው፤
ሃያ ስድስት ዓመት እሱ ነበር የሚያልፈው።

«ልክ ነበርኩ፣ ሌሎ! አየሽ? ልክ ነበርኩ!»
አለኝ። መርፌ እንደያዝኩ ቁጥሩን ተመለከትኩ።
ቢሸጣት? ትርፏን ኮሚሽኑ ይግጣታል፤
ለአንድ አጃ ዳቦ ሦስት ሳንቲም ይጎድላታል።

በስምንት ደቂቃ ተገለበጠ ነገሩ፤
ቁጥሮቹ በቀይ ይወርዱ ጀመሩ።
ጣቱ ተወርውራ «ሰርዝ»ን ተጫነች፤
«ስረዛ በሂደት ላይ» — ክቧ ምልክት ዞረች፣
ዞረች፣
አሁንም ዞረች።
አንዲት «ተው» ስንት ባሕር ሥር ትጓዛለች?
ተጉዛስ ስትደርስ ማንን ታገኛለች?

ስምንት መቶ ስድሳ ሦስት። በአንድ ትንፋሽ። ሙሉ።
«ለመሰረዝ ዘግይተዋል» አለው በትሕትና ቃሉ።

አልተሳደበም። ወንበሩን ገፋና
ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሳል ሆነና፣
«አየሽ፣ ልክ ስሆን በቁንጥር ይሰጡኛል፤
ስሳሳት በጆንያ፣ ምርቃት ጨምረው ይሞሉልኛል።»

እኔ ምን እላለሁ? ግድግዳው ላይ አየሁ፤
ከምስማሩ አንድ እጅጌ፣ እኔው የሰቀልኩ፣
ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ የወይዘሮ ማይሙ።
ኅዳር ላይ መጥታ፣ እጇን ዘርግታልኝ፣
ትከሻ፣ ደረቷን፣ ወገቧን አስለክታኝ፣
አንዱ እጅጌ ባለቀ ማግስት ደወለችልኝ፤
«ገና አልጀመርሽም አይደል? እንግዲያውስ ተይው።»
መቀስ የነካውን ጨርቅ ማን ነው የሚመልሰው?
አልከሰስኳት። ሒሳብ አልላክሁም። ዝም አልኩ።
ገበያ ስንገናኝ ስለ ጉልበቷ ጠየቅሁ።
ቀሪው ሱፍ የሕፃን ኮፍያ ወጣው፣ ሁለት፤
እጅጌው ግን እጅጌ ነው፤ ምን ይወጣዋል፣ ሌላ ምንነት?

ኡርማስ ሲያሰላ ነው፤ በወረቀት ጠርዝ
ደምሮ፣ አጥፍቶ፣ ደግሞ በላዩ ሲሰርዝ።
ሰው እንዴት ከረምክ ቢለው፣ «ሞላ ጎደለ» ይላል፤
ዛሬ የትኛው እንደሆነ እሱም ጠፍቶታል፤
የሞላው ነው የጎደለው።

ተነሣሁ። ከምስማሩ እጅጌውን አወረድኩ፤
ማውስ በያዘው ክንዱ፣ በቀኙ አጠለቅኩ።
«ምንድን ነው?» አላለኝም። ወጥ ቤቱ ይበርዳል፤
አንድ ክንድ ሲሞቀው ሌላው ይታገሣል።

ሺውን በሙሉ ሊሸጥ ዋጋ ጽፎ ላከ።
በመስኮቱ ሥር የሰባት ቁጥር አውቶቡስ በረዶውን ታከከ፤
ሰዓቱን አየ፣ ከልማዱ፤
«አራት ደቂቃ ዘግይቷል» አለ፣ ሳይቆጣ፣ ለገዛ ክንዱ።

ቆየን።
ቢጫው ብልጭ አለ።

አርባ አንድ ተሸጠ።